ሊቀመንበር መዳብ

በዚህ አገር "ምን ታጠናለህ?" ለሚል ጥያቄ የሚፈለገው መልስ አንድ ቃል ነው። ሕክምና። ሕግ። አካውንቲንግ። ጠያቂው "ጎሽ፣ ተባረክ!" ይልና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ አንተም በክብር ወደ ጉዳይህ ትሄዳለህ። የእኔ መልስ ግን እንኳን በአንድ ቃል በአንድ ትንፋሽም አያልቅም። "መዳብ ያለባቸው ውህዶች ውሃ ውስጥ ሲሟሙ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚሰባሰቡ በብርሃን አማካይነት ማጥናት" ነው። ይህን ስናገር ሰዎች የሚያሳዩኝን ፊት አውቀዋለሁ፤ በሽተኛ ሊጠይቁ ሲገቡ የሚያደርጉት ፊት ነው። አንዷ አክስቴማ እስከ ዛሬ "እግዚአብሔር ያውጣህ" ነው የምትለኝ።

ነገሩ ግን ያን ያህል አያስለቅስም። አንድ ሰማያዊ ዱቄት አለ። የዱቄቱ እያንዳንዷ ቅንጣት እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ ናት፤ መሀሏ ላይ መዳብ ተቀምጧል፣ ሌላው ዙሪያውን ከቦታል። ውሃ ውስጥ ጥቂት ከሆኑ እያንዳንዷ ለብቻዋ ትንሳፈፋለች። ሲበዙ ግን ሰርግ ቤት እንደታጠበ ሰሃን አንዷ በአንዷ ላይ ትደራረባለች። ይህ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ብርሃን ታሳልፍባቸውና ምን ያህሉን እንደዋጡት ማሽን ይነግርሃል። ዱቄቱን እጥፍ ስታደርገው የተዋጠው ብርሃንም እጥፍ ከሆነ፣ ወረቀት ላይ የምታስቀምጣቸው ነጥቦች በማስመሪያ እንደተሰመሩ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ሁሉም በየግሉ ነው ማለት ነው። መስመሩ ከጎበጠ ግን ተጣብቀዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬ ማለት አንድ መስመር እስኪጎብጥ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። አገሩ ሁሉ የጎበጠውን ለማቅናት ሲታገል እኔ የቀናውን ለማጉበጥ የመንግሥት መብራት እጨርሳለሁ።

ይህ ሁሉ በእኔና በአማካሪዬ መካከል ያለ ኀዘን ሆኖ በቀረ ነበር፤ ሌንሴ ባትኖር።

ሌንሴ እዚሁ አዳማ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሷ መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች፣ እኔ ወንበር እደረድራለሁ። ሁሉም እንደ ጸጋው ነው። አባቷ ጋሽ ቶሎሳ አርሲ ነገሌ ውስጥ የታወቁ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ጤፍ በመዳፋቸው አንስተው እፍ ብለው ከየት ቀበሌ እንደመጣ የሚናገሩ፣ ሲስቁ ግን እምብዛም የማይታዩ ሰው። ወግ ነውና ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ በልተው፣ መርቀው፣ መልስ ይዘው መጡ። "ልጄን አልከለከልኩም" ብለዋል ጋሽ ቶሎሳ። "ልጁ ግን የጀመረውን ትምህርት ይጨርስ፤ ያልተጨረሰ ነገር ቤቴ አላስገባም። ደግሞ ራሱ ይምጣና የሚያጠናውን ይንገረኝ።"

ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቄ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጥናቴን በአጭር አማርኛ እንዴት ልበለው? ባቱን አልፈን ትንሽ እንደሄድን በራልኝ። ማኅበር! ቅንጣቶቹ የሚያደርጉት ማኅበር መመሥረት አይደል እንዴ? በዚህ ግኝቴ ራሴን እያደነቅሁ ገባሁ። ሞኝ ቢረግሙት የመረቁት ይመስለዋል የሚባለው ስለ እኔ ነው።

"አካም ጅርታ!" አሉ ጋሽ ቶሎሳ፣ እጄን ጨብጠው ሳይለቁ። ጣቶቼን ገልበጥ አድርገው አዩአቸው። ያ ዱቄት አንዴ ከነካ በሳሙናም በጸሎትም አይለቅም።

"ይሄ ሰማያዊ ምንድነው?"

"ከሥራ ነው ጋሼ።"

"ማኅተም ስትመታ ነው?"

ቀልድ መሰለኝ። "እንደዚያ በሉት ጋሼ" አልኩ።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ ስለዚች ቃል ልናገር። እኔን ያሳደጉኝ ሰዎች ለትልቅ ሰው "አይ፣ እንዲያ አይደለም" ማለትን አላስተማሩኝም። ትልቅ ሰው ፀሐይ በምዕራብ ወጣች ካለ፣ ዓይንህን በእጅህ ከልለህ ወደ ምዕራብ ታያለህ። "እንደዚያ በሉት" የምትለዋ ቃል የተፈጠረችው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው፤ አልተስማማህም፣ አልተቃወምክም፣ አልዋሸህም፣ እውነትም አልተናገርክም። ይሉኝታ የሚባለው በሽታ መድኃኒቷ ይቺ ናት ብዬ ነበር የኖርኩት። ለካ በሽታው ራሷ ናት።

"እሺ፣ የምታጠናው ምንድነው?"

"የብረት ማኅበር ነው ጋሼ" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። "ብረት እንዴት ማኅበር እንደሚመሠርት።"

መዳብን ብረት ማለቴ ብቻውን በእኛ ትምህርት ክፍል ያስገርፋል። ጋሽ ቶሎሳ ግን ከተቀመጡበት ተነሱ። "ያ ረቢ!" አሉና ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "ሰማሽ? የብረት ማኅበር! እግዚአብሔር የሚሠራውን አየሽ?" ከዚያ በሕይወቴ የማልረሳው ጥብስ ቀረበልኝ። እኔም በልቤ "አቤት፣ ሳይንስ የገባው ሰው አገኘሁ" አልኩ።

ያን ጊዜ ያላወቅሁትን ለእናንተ አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ ሁላችንም አንሞኝ። ጋሽ ቶሎሳ ሰፈር በርና መስኮት የሚበይዱ ወጣቶች አሉ። ከመካከላቸውም ገመቹ የሚባለው የወንድማቸው ልጅ ነው። እነዚህ ልጆች በማኅበር ተደራጅተው አንድ ወርክሾፕ ሊከፍቱ ይሞክራሉ፤ ይሰበሰባሉ፣ ይጣላሉ፣ ይበተናሉ፤ እንደገና ይሰበሰባሉ፣ እንደገና ይጣላሉ። ጋሽ ቶሎሳ እነሱን ሲያስታርቁ ድምፃቸው አልቋል። ስለዚህ እኔ "የብረት ማኅበር" ስል እሳቸው የሰሙት የብረታ ብረት ሥራ ማኅበር ነው። ያለቀሱበት ጉዳይ ባለሙያ፣ ያውም ጣቱ በማኅተም የቀላ፣ ይቅርታ፣ በማኅተም ሰማያዊ የሆነ፣ አማች ሆኖ በእግሩ ቤታቸው መጣ!

ከዚያ በኋላ ስልክ መደወል ጀመሩ። ለሌንሴ አይደለም፤ ለእኔ።

"ማኅበሩ እንዴት ነው?"

"ትንሽ አስቸግሯል ጋሼ።"

"ስንት ስንት ሆነው ነው የሚጀምሩት?"

"ሁለት ሁለት ሆነው ነው። መጀመሪያ ሁለቱ በደንብ ይጣበቃሉ፤ ከዚያ በላይ መብዛት በኋላ የሚመጣ ነው።"

"ሁለት ሁለት..." አሉ ቀስ ብለው፣ አጠገባቸው ላለ ሰው እየነገሩ። "መሪያቸውስ?"

"መዳብ ነው። መዳብ መሀል ይቀመጣል፣ ሌሎቹ ይከቡታል። እሱ ከወጣ ሁሉም ነገር ይፈርሳል።"

"መዳብ ማን? የአባቱ ስም ማነው?"

ሳቅሁ። "ጋሼ ደግሞ ይጫወታሉ!" እሳቸውም ትንሽ ሳቅ አሉ። ሁለታችንም በተለያየ ነገር ሳቅን፣ ስልኩም በሰላም ተዘጋ።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ "አባላቱ የሚያደርጉትን በምን ታውቃለህ?" አሉኝ።

"ብርሃን አሳልፍባቸዋለሁ ጋሼ። ምን ያህል እንደሚውጡ አያለሁ።"

"ይውጣሉ?"

"በደንብ ነው እንጂ የሚውጡት!"

ረዥም ትንፋሽ ሰማሁ። "አዬ... ማኅበር ውስጥ የሚውጥ አይጠፋም። ገንዘብ ያዡን ልብ በለው" አሉኝ። ገንዘብ ያዥ የቱ ቅንጣት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ትልቅ ሰው ይሰማል እንጂ አይጠየቅም።

"የሚበተኑትስ ለምንድነው?"

"ሁለት ምክንያት አለው ጋሼ። አንደኛው መቅጠን ነው፤ መሀላቸው ባዕድ ነገር ሲበዛ ይራራቃሉ። ዋናው ግን ሙቀት ነው። ሲሞቅ ማንም ማንንም አይዝም። ሲቀዘቅዝ ነው የሚሰባሰቡት።"

"እውነትህን ነው!" አሉ። "የእኛዎቹም የሚደባደቡት ሁሌ ከሰዓት በኋላ ነው።"

የእኛዎቹ ያሏቸው እነማን ናቸው? አልጠየቅሁም ብያችኋለሁ እኮ።

እሳቸው ይህን ሁሉ ምክር ሲሰበስቡ እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ዕጣዬን እገፋለሁ። ውሃ እንኳ አልነበረኝም። ውሃ የሚያጣራው መሣሪያ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የአዳማ የቧንቧ ውሃ ደግሞ ማፍያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋግር ነው፣ የእኔን ሰሃኖች አጣልቶ ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ ከነዳጅ ማደያ የባትሪ ውሃ እገዛለሁ። "ለየትኛው መኪና ነው?" ይለኛል ሻጩ። "ለሁለተኛ ዲግሪ" እለዋለሁ። እሱም ነገሩ ለእኔም ከእሱ የተሻለ እንዳልገባኝ አይቶ ጠርሙሱን ይሰጠኛል።

ውሃው ሲገኝ መብራት ይጠፋል። መብራቱ ሲመጣ ቁልፉ የለም። ቁልፉ ያለው አቶ ዘሪሁን ጋ ነው። አቶ ዘሪሁን የላብራቶሪያችን ንብረት ኃላፊ፣ ደግ ሰው፣ አዳማ ውስጥ ባለ እድር ሁሉ አባል ናቸው። ከሰው ሁሉ ጋር ስለሚዋደዱ ከሰው ሁሉ ጋር ያዝናሉ። ጠዋት ጠዋት ለቅሶ ናቸው። ከምሳ በኋላ ዓይናቸው ቀልቶ መጥተው ይከፍቱልኛል፤ "በል በርታ" ይሉኝና ወደ ድንኳናቸው ይመለሳሉ። ያን ሰዓት የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮ ጣራው ላይ ቂጢጥ ብላለች። ክፍሉ ምጣድ ነው። እንኳን ቅንጣት ባልና ሚስት በዚያ ሙቀት አይጠጋጋም። የማገኘው መስመር ከአዲስ አበባ አዳማ ከሚመጣው የፍጥነት መንገድ የቀና ነው። ባደርገው ባደርገው ቀጥ!

መፍትሔው ይጠፋኝ መሰላችሁ? ጠዋት ገና ሳይሞቅ መሥራት ነው። ይህንን ለጋሽ ቶሎሳ በስልክ እተነትናለሁ። ግን ለአቶ ዘሪሁን "እባክዎ ጠዋት ይክፈቱልኝ" ማለት? ለቀስተኛ ሰው ቁልፍ መጠየቅ? ሰው ምን ይለኛል? "የእሱ መስመር ከሟች በለጠበት" ቢባልስ? ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አሉ፤ እውነት ነው፣ ዲግሪም አይገባም።

አንድ ዓርብ ቀን አማካሪዬ የቀናውን መስመሬን አነሱና እንደ ሞት መርዶ አስቀመጡት። "ይሄ ማኅበር የለም የሚል ውጤት ነው" አሉ። "ርዕስህ ደግሞ ማኅበር አለ ይላል። እስከ ሰኞ የጎበጠ መስመር ካላመጣህ ዘንድሮ ጥናትህን ቀርበህ አትከላከልም፤ ለከርሞ።"

ለከርሞ! ያው ዕለት ማታ ሌንሴን ሳገኛት ደግሞ ፊቷ ጠቁሯል። "ሻሸመኔ ያለው ሁለት አይሱዙ ያለው ሰው ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ" አለችኝ። "አባዬ አንተ ትምህርትህን ትጨርሳለህ ብሎ እስካሁን መልስ እየያዘ ነው። ከርሞ ካልከው ግን ምን እንደሚል እንጃ።" አይሱዙ ምን ችግር አለበት? አይጎብጥም፣ አይቀጥንም፣ ቢሞቅም ውሃ ይጨመርበታል። ማሽኗን፣ ዱቄቱን፣ የባትሪ ውሃውን፣ ራሴንም ጨምሬ ወደ አዋሽ ልወረውር ተመኘሁ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አቶ ዘሪሁን ከፈቱልኝ፣ "በል በርታ" አሉኝ፣ ወደ ለቅሷቸው ሄዱ። ሰማያዊ ውሃዬን ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ደርድሬ ላቤን እየጠረግሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሌንሴ ናት፤ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"አባዬ እየመጣ ነው።"

"የት?"

"አንተ ጋ። ማኅበሩን ሊያይ። ሰዎችም አሉ።"

"ማኅበሩን ሊያይ?" ገና ሳልጨርስ ከኮሪደሩ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። በሩ ተከፈተና ጋሽ ቶሎሳ ኮታቸውን እንደለበሱ ገቡ። ከኋላቸው ሌንሴ። ከኋላዋ በብየዳ ብልጭታ የተበሳሳ ቱታ የለበሱ ወጠምሾች ተከታትለው ገቡ፤ መጨረሻ ላይ አንዱ ከብረት የተሠራ ትልቅ ወንበር ተሸክሞ በበሩ በወርድ ማስገባት አቅቶት በቁመት አስገባው። በክፍሉ ውስጥ የነበረው አየር እጅ ሰጠ።

"አካም ጅርቱ!" አልኩ እንደ ምንም።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ ጋሽ ቶሎሳ፣ ዙሪያውን እያዩ። "ገመቹ ይሄ ነው፤ የወንድሜ ልጅ። የማኅበራችን ሊቀመንበር።"

ገመቹ ወንበሩን አስቀምጦ ጨበጠኝ። የወንበሩ መደገፊያ ላይ በብየዳ በትልልቁ "መዳብ" የሚል ተጽፏል።

"የታል መዳብ?" አለኝ ገመቹ። "ልናመሰግነው ነው የመጣነው። ይሄን ለእሱ ሠራንለት። ሊቀመንበር ያለ ወንበር አይሆንም ብለን።"

ያኔ ገባኝ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ ማኅተሙ፣ ገንዘብ ያዡ፣ የእኛዎቹ፣ ያ ጥብስ። ሌንሴን አየኋት፤ እሷ ወለሉን ታያለች። ታውቅ ነበር! (በኋላ ስጠይቃት "አባዬ ስለ ሰው ሲያወራ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ እንዴት ላበላሽበት?" አለችኝ። በይሉኝታ የታመምነው ለካ ሁለታችንም ነን።)

"መዳብ..." አልኩና ከሰማያዊ ውሃዎቼ አንዱን የያዘች፣ ጣት የምታህል የብርጭቆ ዕቃ አነሳሁ። "መዳብ ይኸው ነው።"

"የት?" አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

"እዚህ ውስጥ።"

ጠጋ ብለው አዩ። መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉና እንደገና አዩ። "ውሃ ነው።"

"አዎ ጋሼ። ግን ውስጡ..."

"አባላቱስ?"

"እነሱም እዚሁ ናቸው። በዓይን አይታዩም።"

በአማርኛችን ያለውን ቃል ሁሉ አሟጥጬ አስረዳኋቸው። ሰሃኑን፣ ብርሃኑን፣ መስመሩን። በየመሀሉ ከቱታዎቹ አንዱ "እህ" ይላል፣ ሌላው በክርኑ ይጎስመዋል። የጋሽ ቶሎሳ ጆሮ ግን እየቀላ ሄደ። ስጨርስ በጣም በዝግታ ጠየቁኝ።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ በስልክ የምታወራኝ ስለዚህ ውሃ ነበር?"

"አዎ ጋሼ።"

"እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ሰው ሰብስቤ የውሃ ምክር ስነግረው ከረምኩ። እንግዲህ እኔ ሞኝ ነኝ ማለት ነው?"

አፌ ነው። እኔ አይደለሁም፣ አፌ ነው፤ በልማዱ፣ ሳያማክረኝ፣ "እንደዚያ በሉት ጋሼ" አለ።

ሌንሴ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሻሸመኔ ያሉት ሁለት አይሱዙዎች ሞተር አስነስተው ወደ ነገሌ ሲያቀኑ በዓይኔ ታዩኝ።

ያዳነኝ ገመቹ ነው። መጀመሪያ አፍንጫው ተነፋ፣ ከዚያ ፈነዳ። እየሳቀ ሄዶ መዳብ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። "አባቦ" አላቸው አጎቱን፣ እንባውን እየጠረገ፣ "ምክሩ ግን ሠርቷል እኮ! ሁለት ሁለት ሆናችሁ ጀምሩ ተባልን፣ ጀመርን። ከሰዓት አትሰብሰቡ፣ ይሞቃል ተባልን፤ ጠዋት በብርዱ ተሰበሰብን፣ ማንም ማንንም ለመምታት እጁን ከጃኬቱ አላወጣም! መሀል አንድ ሰው ይቀመጥ ተባልን፣ እኔን አስቀመጡኝ። ይኸው ወርክሾፑ ተከፈተ። ውሃም ይሁን ምንም ይሁን፣ ማኅበር ያውቃል።"

ሌሎቹም ሳቁ። ጋሽ ቶሎሳ አልሳቁም፤ ግን ጆሯቸው ትንሽ ወደ ቀለሙ ተመለሰ።

"የአንተ ውሃስ?" አሉኝ። "ማኅበር ሆነልህ?"

"አልሆነም ጋሼ።"

"ለምን?"

"ይሞቀዋል።"

"ለእኛ ጠዋት ሥሩ ስትል፣ አንተ ለምን ጠዋት አትሠራም?"

"ቁልፉ አቶ ዘሪሁን ጋ ነው። ጠዋት ለቅሶ ናቸው።"

"ጠይቀሃቸዋል?"

"ለቀስተኛ ሰው እንዴት ቁልፍ ይጠየቃል ጋሼ?"

ነቀዝ እንደበላው ማሽላ አዩኝ። "ተነስ" አሉ።

እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ፣ አንድ የእህል ነጋዴ፣ አንዲት መምህርት፣ አንድ ማኅበር ሙሉ በያጅ፣ አንድ የብረት ወንበርና እኔ፣ የማናውቀው ሰው ለቅሶ ላይ የደረስነው። ወንበሩን ለምን ይዘነው እንደመጣን አትጠይቁኝ፤ ብቻውን ትተነው መሄድ ነውር መስሎን ይሆናል። ጋሽ ቶሎሳ ድንኳኑ በር ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አሉ፤ ሁላችንም ከኋላ "ያጽናችሁ" አልን። የእድሩ ሰዎች ወንበሩን ሲያዩ "እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ወንበር አንሶን ነበር" ብለው ከገመቹ እጅ ተቀበሉት። ገመቹ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። እሱም ይሉኝታ አለበት። ወዲያው አንዲት እናት ሄደው መዳብ ላይ ተቀመጡ።

ንፍሮ ቀረበልን። ጋሽ ቶሎሳ አንድ ጭብጥ አነሱ፣ ስንዴውን በጣታቸው አየት አድርገው ወደ አፋቸው አደረጉ፤ ለቅሶ ባይሆን ኖሮ ስለ ስንዴው ብዙ ይሉ ነበር። ከዚያ ከአቶ ዘሪሁን አጠገብ ሄደው ተቀመጡ። ሟች ማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳገኛቸው ጠየቁ፣ ከልባቸው አዘኑ። እኔ መሬት ብትከፈትና ብትውጠኝ እላለሁ። ከዚያ ጋሽ ቶሎሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ወንድሜ፣ ይሄ ልጅ ነገ ማለዳ ላብራቶሪው እንዲከፈትለት ይፈልጋል፤ እርስዎን ለማለት አፍሮ ነው" አሉ።

አቶ ዘሪሁን ወደ እኔ ዞሩ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ውይ አንተ ልጅ!" አሉ። "ቤቴ እኮ ከግቢው አጥር ጀርባ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ነቅቼ ነው የምቀመጠው። ለምን እስከ ዛሬ አልጠየቅከኝም?"

ያን ሁሉ ወራት። ያን ሁሉ ላብ። ለቅሶ ቤት ስለነበርን ሰው ሁሉ የማለቅሰው ለሟች መሰለውና አጽናናኝ።

እሑድ ማለዳ አዳማ ነፋሷን ይዛ ቀዝቀዝ ብላለች። አቶ ዘሪሁን በአንድ እጃቸው ቁልፉን፣ በትከሻቸው ከድንኳኑ የመለሱትን የመዳብን ወንበር ይዘው መጡ። ጋሽ ቶሎሳ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ በያጆቹ የገመቹ አክስት ቤት አድረው ገና ተኝተዋል። ሌንሴ ማስመሪያውን ይዛ አጠገቤ ቆመች። መብራትም፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ አለ።

ከቀጭኑ ጀመርኩ። ነጥብ። ቀጥሎ። ነጥብ። ሌንሴ ማስመሪያውን ታስጠጋለች። ቀጥ ነው። ቀጥሎ። አሁንም ቀጥ። ወፍራሙን ጨመርኩ፤ ነጥቡ ከማስመሪያው በታች ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ሌላ ወፍራም፤ ይበልጥ ዝቅ።

"ጎበጠ" አለች ሌንሴ በሹክሹክታ።

"ጎበጠ!" ብዬ ጮህኩ። "ጋሼ፣ ጎበጠ! ተጣበቁ!"

ጋሽ ቶሎሳ ተነስተው መጡ። ወረቀቱን አነሱ፣ አራቁት፣ አቀረቡት፣ በጎን አዩት።

"ለዚህች ነው?" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

"ይቺን እኔ እጄን ሳነቃንቀው እሠራታለሁ።" ወረቀቱን መለሱልኝ። ቀጥለው ግን እዚያው ቆሙ፤ መጀመሪያ ሌንሴን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። "ይኸው እንግዲህ። የእኔዎቹ ሁለት ሁለት ሆኑ። ውሃውም ሁለት ሁለት ሆነ። የሻሸመኔው ሰውዬ ማክሰኞ ሽማግሌ ልላክ ይላል። አንተስ? ልጄን ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?"

"እን..." አለ አፌ። ያቺ ቃል ምላሴ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ እምላለሁ። ሌንሴ በማስመሪያው ጠርዝ ጎኔን ወጋችኝ። ዋጥኳት። ከዚያ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ ያለ ምንም ዙሪያ ጥምጥም ተናገርኩ።

"እፈልጋለሁ ጋሼ። በጣም ነው የምፈልጋት። ለማክሰኞው ሰውዬ እምቢ ይበሉልኝ።"

አቶ ዘሪሁን ከበሩ ላይ "እልል ልበል?" አሉ። ለቅሶ ብቻ አይደለም ለካ የሚያውቁት።

ጋሽ ቶሎሳ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከንፈራቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሌንሴ ሳቅ ነው ትላለች፣ እኔ አላረጋግጥም።

"ታዲያ ይቺን ለማለት ነው ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈለገህ?" አሉኝ።

"እንደዚያ በሉት ጋሼ።"